አዳዳ የተቀመጠችበት ሰሌን

የቤታችን ጂን ስሟ ሶፍያ ነበር። ከሰፈሩ ሁሉ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጂን ስሟ ሲጠራ ትመጣለች ይባላል፤ ታዲያ ማን እብድ አለና ይጠራታል?

ስሟን የሰማሁት ከአዳዳ ዓዲላ ነው። አዳዳ በእኛ በከሚሴዎች አፍ የአባት እህት ማለት ነው። የእኔዋ አዳዳ ግን ለአባቴ እህት ብቻ አልነበረችም፤ እናታቸው በልጅነቱ ስትሞትበት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። የእኔ እናት በወሊድ ስትሞትም እኔን ተረከበችኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አዳዳ ጓዳ ውስጥ ሰሌኗ ላይ ተቀምጣ፣ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳርፋ፣ «ሶፍያ፣ አውፍ በይኝ። አውፍ በይኝ እህቴ» ስትል ደረስኩባት። ከእሷ በቀር ጓዳው ውስጥ ሰው የለም። ይቅርታ የምትለምነው ወለሉን ነው። ከወለል በታች ማን ይኖራል? ጂን ነዋ! ደብተሬን ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ ይዤ በመጣሁበት እግሬ ወጣሁ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሁን ደሴ ላይ የልጆች ልብስ የምሸጥ፣ ደንበኛ ሲያስቸግረኝ ጂን እንኳ የማይችለው ምላስ ያለኝ ሴት ነኝ። ግን እስካሁን ባዶ ክፍል ውስጥ ወለል ድም ሲልብኝ እግሬን አነሳለሁ።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው አስያ ልጅ በወለደችበት ክረምት ነው። አስያ እንጀራ እናቴ ናት። አባቴ በድሩ የአይሱዙ ሾፌር ነበር፤ ከባቲ እህልና ከብት ሲጭን አያት፣ ወደዳት፣ በጥቅምት አገባት። ለሙሽራይቱ ብሎ የአያቴን ቤት የሣር ክዳን አፍርሶ ቆርቆሮ አለበሰው። ሰፈሩ «በድሩ ቤቱን ዳረው እኮ!» እያለ ቀለደ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ዓይን ያጠፋ ነበር፤ እኔ የቆርቆሮ ቤት ልጅ ሆንኩ ብዬ ትምህርት ቤት ስኮራ ከረምኩ።

አስያን ገና ስትገባ ልጠላት አስቤ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «እንጀራ እናት መጣችልሽ» እያለ አስፈራርቶኝ ነበራ። እሷ ግን በመጣች በማግስቱ ፀጉሬን ይዛ ቁጭ አለችና፣ «እማ እንድትዪኝ አልፈልግም፤ እናትሽን ማንም አይተካትም። አስያ በዪኝ። ግን ይሄን ቅማል ለማንም አልተወውም!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። በቃ፣ ልቤን ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ያለኝ ፍርሃት አንድ ብቻ ነበር፦ ይቺም ትሄድብኛለች የሚል።

በሐምሌ ወንድሜን አንዋርን ወለደች። ዝናቡም የዚያን ዓመት ከበደ። ከአዲሱ ቆርቆሮ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ከጓዳው ጀርባ ግድግዳው ሥር እየወደቀ መሬቱን እንደ ገበቴ አጎደጎደው። ለማናችንም ነገሬ የሚያሰኝ አልነበረም። ሣሩ ውሃውን በዙሪያው ያንጠባጥበው ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ቦታ ይደፋዋል። ይህን አሁን ነው የምናገረው፤ ያኔ ውሃ ውሃ ነበር።

ጓዳችን መስኮት አልነበረውም፤ መብራት ኃይልም የደረሰው እስከ ሳሎን ብቻ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይም ኩራዝ ይበራበታል። አራሷና ሕፃኑ፣ አዳዳና እኔ እዚያው ወለል ላይ በሰሌን እንተኛለን፤ አባቴ ሳሎን የእንጨት አልጋው ላይ ነው። መጀመሪያ ኩራዙ መጥፋት ጀመረ። ወለል ላይ ስናስቀምጠው ነበልባሉ ይጨማደድና ጭል ይላል። ነፋስ የለ፣ ሰው አልነካው። ቀጥሎ ጥግ ላይ የታቀፈችው ዶሮ ከነእንቁላሏ ደርቃ አደረች። ከዚያ እኔ ጠዋት ጠዋት ስነሳ ጭንቅላቴ የሌላ ሰው ጭንቅላት ይመስለኝ ጀመር፤ ደረቴ ላይ ሰው ተቀምጦ ያደረ ያህል ይከብደኛል። አንዋር ደግሞ መሬት ላይ ሲተኛ ዝም ይላል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። አስያ ብድግ ስታደርገው ያለቅሳል። ወለሉም መሀሉ ላይ ሲረግጡት ድም ይል ነበር። ሽታም መጣ፤ የኮመጠጠ፣ ጉሮሮ የሚይዝ።

አባቴ፣ «አይጥ ነው። እኔ እዚህ ተኝቼ ምንም አልሆንኩም» ይላል። እውነቱን ነው፣ እሱ ምንም አልሆነም።

ጎረቤት ግን ፍርዱን ቶሎ ሰጠ። «ከባቲ ይዛው የመጣች ነው። እሷ ሳትመጣ ምን ነበረ? አራስ ላይ ደግሞ ይበረታል።» ሸሁ ተጠርተው መጡ፤ ቁርአን ቀርተው፣ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ ጓዳውን ዙሪያውን አዩና፣ «ጂን ሐቅ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር ጂን አይደለም። ይሄ ቤት ታፍኗል፤ መጀመሪያ መስኮት አውጡለት» አሉ። አዳዳ ቶሎ ብላ፣ «ግድግዳው አሮጌ ነው ሸሃችን፣ ከነካነው ይናዳል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌኗን ጓዳው መሀል ላይ ዘርግታ፣ ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ፣ ተስቢህ እየቆጠረች መዋል ጀመረች። ከቀትሩ ዙሑር እስከ ማታው መግሪብ አትነሳም።

እኔ ታዲያ በልጅ አእምሮዬ ምን አልኩ? አዳዳ ሶፍያን በክብደቷ ይዛልናለች። እኛን ለማዳን ጂን ላይ የተቀመጠች ሴት! ከዚያ የበለጠ ጀግና አላውቅም ነበር። ውሃ አምጪልኝ ስትል እየሮጥኩ ነበር የማመጣላት። እንዳትነሳ።

አስያ ግን ጂኗን አልፈራቻትም፤ እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። አንድ ቀን አዳዳ ለቅሶ ሄዳ ጓዳው ባዶ ሲሆን፣ «ነኢማ፣ ኮቱ» ብላ ጠራችኝ፤ ነይ ማለቷ ነው። የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፈች፤ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ደፈነች። ከዚያ ኩራዙን ለኮሰችና ደረቷ ላይ ያዘችው። በራ። ወገቧ ጋ አወረደችው። በራ። ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ነበልባሉ አነሰ። ከዚያ ዝቅ ሲል ጠፋ። እንደገና ለኮሰች፤ እንደገና ጠፋ።

«ነፋስ ቢሆን ከላይም ያጠፋው ነበር» አለች ለራሷ። «ላምባውም ያው ላምባ ነው።»

«ጂንስ ከሆነ?» አልኳት።

«ጂን ከሆነ ቁመቱ አጭር ነው። ከጉልበቴ አይበልጥም!» ብላ ሳቀች፤ ግን ዓይኗ አልሳቀም።

እኔ ደነገጥኩ። የጂኗን ቁመት እየለካች ነው! ሰው የማያውቀውን ይለካል? አዳዳ የምትፈራትን፣ ይቺ እንደ ልብስ ሰፊ ትለካታለች። ጎረቤቶቹ ያሉት እውነት እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩ ይወስዷታላ።

የዚያኑ ዕለት አንቀልባውን በገመድ ከጣራው ወራጅ ላይ አንጠልጥላ አንዋርን እዚያ ላይ አስተኛችው። በእናቷ አገር፣ በቆላው፣ ልጅ እንዲህ ነው አሉ የሚተኛው። እኔንም የልብስ ሳጥኑ ላይ ጋቢ አንጥፋ ሰቀለችኝ። አዳዳ ስትመለስ ራሷን ያዘች።

«ያ ረቢ! ልጅን እንደ ሥጋ ማንጠልጠል! ለማን ነው የምታቀርቢው?»

«ለማንም አዳዳ። ከጉልበት በላይ ሲሆን ይተነፍሳል፤ እይው እስቲ፣ ከንፈሩ ቀላ።»

«እኔ ወንድሜን ያሳደግኩት መሬት ላይ ነው! ምን ሆነ?»

አስያ ገመዱን አጠበቀች። እኔን አዳዳ ከሳጥኑ ላይ አወረደችኝ፤ አንዋርን ግን ለመንካት አልደፈረችም። እሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባ፣ ወፈረ። እኔ መሬት ላይ ራሴን እያመመኝ ቀጠልኩ። ሰፈሩ ደግሞ «የልጇን ጂን ለእንጀራ ልጇ አስተላለፈችው» አለ። ሰፈር ሲፈልግ ለሁሉ መልስ አለው።

በመስከረም ዓብዱ መጣ። ዓብዱ ከጨፋ የሚመጣ ገበሬ ነው፤ ከቤተሰባችን ጋር ከድሮ ይተዋወቃል፤ በየዓመቱ እሸት በቆሎ ያመጣልናል። «አካም ቡልተን!» እያለ ገባ፤ ሕፃኑን ልባርክ ብሎ ወደ ጓዳው በር ተጠጋ። እዚያው ቆመ። አፍንጫው ተነፋ።

«እናንተ፣ የጉድጓድ ማሽላ አወጣችሁ እንዴ?» አለ እየሳቀ።

አዳዳ ሰሌኗ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ከየት አምጥተን! የከተማ ሰው ምን ጉድጓድ አለው? የተረሳ ሊጥ ነው» አለችው።

«ኧረ ተይኝ ዓዲላ! ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ የከተትኩ ሰው፣ ሽታውን ልታስተምሪኝ ነው? ውሃ የገባበት የጉድጓድ ማሽላ ነው። አባትሽስ ድሮ…»

ቃሉን አልጨረሰውም። አዳዳን አየ። ከዚያ ሰሌኑን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። አዳዳ ተስቢሁን መቁጠሯን አቁማ ነበር። ከዚያ ዓብዱ በቆሎውን ከበሩ ሥር አስቀመጠና ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ። ዳግመኛም ደጃችንን አልረገጠም።

ሶፍያን አያት አልኩ። እንዲያ ፊቱ የጠቆረው፣ ጂኗን በዓይኑ ስላያት ነው አልኩ። ካልኩት ውስጥ ግማሹ ልክ ነበር፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለማወቅ ግን ሃያ ዓመት አለፈኝ።

አስያ ሁሉን ከማድ ቤት ሰምታለች። በማግስቱ እኔን አስከትላ ገበያ ወረደች። ማሽላ ከምትሸጥ የጨፋ ሴት ፊት ቁጭ ብላ፣ «እህቴ፣ የጉድጓድ ማሽላ ምንድን ነው? እኔ የባቲ ሰው ነኝ፣ አላውቀውም» አለች።

ሴትየዋ ሳቀችባት። «ማሽላ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውስጡ ተለቅልቆ ይከተታል። አፉ በድንጋይ ይገጠምና አፈር ይለበሳል። ሌባ አያገኘው፣ ነቀዝ አይበላው። ግን አደራ፣ ከፍተሽ ዘለሽ አትገቢም! አየሩ ይገድላል፤ ስንቱን ጎረምሳ አስቀርቷል። መጀመሪያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ ሰው አይወርድም።»

አስያ እጄን ይዛ ነበር። ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቀቻቸው።

ቤት እንደደረስን ከማድ ቤት ዶማ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። አዳዳ እንደ ወትሮዋ ሰሌኗ ላይ ናት።

«ተነሽልኝ አዳዳ።»

«ለምን?»

«ከሥርሽ ጉድጓድ አለ። ጂን አይደለም፤ ማሽላ ነው የበሰበሰው። ልጆቻችንን ሊገድልብን ነው። ተነሽልኝ፣ ልክፈተው፣ ይተንፍስ።»

«በሬሳዬ ላይ!» አዳዳ ሰሌኑን በሁለት እጇ ጨበጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ልትከፍትላት ነው፣ ሶፍያን ልታወጣት ነው ብዬ አለቀስኩ። አዳዳ ናት የምታድነን ብዬ ነበርና፣ እባክሽ አትነሺ እያልኩ በልቤ ጸለይኩ።

አባቴ መኪናውን አቁሞ የገባው በዚህ መሀል ነው። ዶማውን አየ፤ እህቱን አየ። አዳዳ ለእሱ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በድሩ፣ ዝም አይነቅዝም።»

ይህን ተረት ሁልጊዜ ትለዋለች። እኔ ክፉ ስናገር፣ ጎረቤት ሲያማ፣ ነገር ሲበዛ፦ ዝም አይነቅዝም። አባቴ ዶማውን ከአስያ እጅ ቀስ አድርጎ ወሰደ፤ ክንዷን ይዞ ሳሎን አስገባትና በሩን ዘጋው። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ለረጅም ጊዜ የሰማሁት ሹክሹክታ ነው። ከዚያ የአስያ ድምፅ ከፍ አለ፦ «ታውቅ ነበር?» እንደገና ሹክሹክታ፤ ልቅሶ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ አባቴ፣ «እሺ። እሺ፣ ቃሌ ነው» አለ።

እኔ እንዲህ ተረጎምኩት፦ አስያ ጂን እንዳለባት አባቴ ከመጀመሪያውም ያውቅ ኖሯል፤ ማወቁ ገርሟት ጠየቀችው፤ አሁን ሊሰዳት ቃል ገባ። መሄዷን ብቻ አልሳትኩም። በማግስቱ ጠዋት ዕቃዋን ሸከፈች።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አስፋልቱ ዳር ቆምን። አንዋር ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ አሁን እመለሳለሁ ልትለኝ ነው እያልኩ እጠብቃለሁ። አስያ ተንበረከከችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ከፍ ብለሽ ተኚ፣ እሺ? መሬት ላይ እንዳትተኚ።»

ይኸው ነው። እመለሳለሁ የለ፣ እወድሻለሁ የለ። ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ባቲ!» እያለ በሩን ደበደበ፤ ገባች፤ ሄደች። እንዴት እንደከፋኝ! ሰው ሲሄድ ስለ መኝታ ያወራል?

አባቴ የዚያን ሳምንት ትልቅ የብረት አልጋ ገዝቶ መጣ። ረጅም ሆኖ ሳለ፣ ደግሞ ከእግሮቹ ሥር ድንጋይ አስገብቶ አስረዘመው። «ያንቺ ነው» አለኝ። ጠላሁት። እናት ወስዶ አልጋ ይሰጠኛል! ለመውጣት በርጩማ ላይ እቆማለሁ፤ ስወጣ እግሩን እረግጠዋለሁ። በሳምንቱ ከጓዳው ግድግዳ ሥር፣ መሬቱ ልክ፣ ሁለት ቀዳዳ በሳ። ከጀርባ ቦይ ቆፍሮ የቆርቆሮውን ውሃ ወደ መንገድ መለሰው። ለብቻው ነበር የሚቆፍረው፤ ሰው ሲያልፍ ቀና አይልም። ቀዳዳዎቹ ሶፍያ እንድትወጣባቸው ነው አልኩ።

ወጣችም! ኩራዙ መጥፋቱን ተወ። ራስ ምታቴ ለቀቀኝ። ሽታው ቀስ በቀስ ጠፋ። ሰፈሩም፣ «አላልንም? ከእሷ ጋር ሄደ» አለና ነገሩን ዘጋው። አስያን ባቲ ድረስ «ባለጂኗ» የሚል ስም ተከተላት። አዳዳ ግን ከሰሌኗ አልተነሳችም። ጂኗ ከሄደች ለምን ትቀመጣለች ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ጠዋት ማታ የማየው ነገር ስለሆነ፣ አዳዳ ማለት እዚያ የምትቀመጥ ሴት ሆነችብኝ።

አባቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተ። በቀብሩ ላይ አንድ ረጅም ጎረምሳ ክንዴን ይዞ፣ «አንዋር ነኝ» አለኝና ተቃቅፈን ተላቀስን። ከዚያ ወዲህ ከእሱም ከአስያም ጋር በስልክ እንጠያየቃለን፤ ዒድ ሲሆን «እንኳን አደረሳችሁ»፣ ሲታመሙ «አፊያ ያድርግሽ»። ስለዚያ ክረምት ግን ማንም አያነሳም። ዘንድሮ አንዋር አሮጌውን ቤት አፍርሰን ኪራይ ቤት እንሥራ አለ። አሁን ማሽላ ይሸጥበት የነበረው ገበያ አጠገብ ባጃጅ የሚርመሰመስበት ዘመን ነው፤ ቦታው ወርቅ ሆኗል።

መሠረት ሲቆፈር ነይ ብሎኝ ከደሴ ወረድኩ። ግድግዳው ፈርሶ ጓዳችን ሰማይ አይቷል። አዳዳን ከዛፍ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ሰሌኗን ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች። አንዋር የብረት አልጋውን እያሳየኝ፣ «ይሄን ግዙፍ ምን እናድርገው?» ሲል፣ «ለቁራሌው ስጠው፣ ድሮም አልወደውም» አልኩት። ሰውዬው እዚያው ጋሪው ላይ ጫነው፤ አራት እግሩ ወደ ሰማይ ቆሞ እየተንቋቋ ሄደ።

ብዙም አልቆየ፣ ከቆፋሪዎቹ የአንዱ ዶማ ድንጋይ ላይ አረፈ። ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ በጭቃ የተለሰነ። ሲያነሱት ያ ሽታ ወጣ፤ ደክሞ፣ አርጅቶ፣ ግን ያው። ልክ እንደ ስምንት ዓመቴ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ቆፋሪው፣ «ወደኋላ! ይተንፍስ!» ብሎ ጮኸ። ውስጡ ጥቁር ጭቃ የሆነ ማሽላ ነበር፤ ግማሽ ጉድጓድ።

አዳዳ ሳታይ አወቀች። «ከፈታችሁት?» አለች። ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«ሰባ ሰባት ላይ ነው» አለች። ክፉውን ቀን እኛ አገር ዓመቱን ብቻ ነው የምንጠራው። «አባቴ ቤት ውስጥ ቆፍሮ ከቷት ነበር። ማታ ማታ በጭልፋ እያወጣን በላን። አባትሽም በልቷል፣ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ሶፍያ መጣች። ጓደኛዬ ናት፤ አብረን ነው ያደግነው፤ የዓብዱ እህት። ሁለት ልጆች ይዛ። ዓዲላ፣ ለልጆቹ አንድ እፍኝ አለችኝ። እኔ ሰሌን አንጥፌ አፉ ላይ ተቀምጫለሁ።»

«ምን አልሻት?»

«ወላሂ ቤታችን ውስጥ አንዲት ፍሬ የለም አልኳት።» ተስቢሁ በጣቶቿ መሀል ቆመ። «አመነችኝ እኮ። አላህ ይስጥሽ ብላኝ ሄደች። አልተመለሱም፤ እሷም ልጆቹም። ዝናቡ ሲመጣ አባቴ የተረፈውን ላውጣ ቢል ሰው ያያል። አፉን ደፍኖ ለቀለቀው። ያቺ ባቲይቱ ዶማ ይዛ ስትመጣ… ዓብዱ ሽታውን አውቆታል። ማሽላው ከወጣ ሰው ፊት በምን ዓይኔ ልቆም? ጂን ይሻለኝ ነበር።»

ልጮህባት ፈለግኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ያለ እናት ያሳደግሽኝ ለዚህ ነው? ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ሰሌኗን እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር፤ ያቺን ሴት ምን ልበላት? ዝም አይነቅዝም ትለን ነበር። ነቅዟል፤ ጥቁር ጭቃ ሆኖ እዚያ ይታያል።

በሦስተኛው ቀን ባቲ ሄድኩ። አስያ በራሷ ደጅ ቅቤ ስታነጥር አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። አላገባችም፤ ባለጂን ሴት ማን ያገባል? አቀፈችኝ፤ ፀጉሬን ዳሰሰችና፣ «ቅማሉን ማን ጨረሰልሽ?» አለች። ሳቅንም አለቀስንም።

«ጉድጓዱ ተገኘ» አልኳት።

«አንዋር ደውሎ ነግሮኛል።»

«አባዬ ያውቅ ነበር?»

«የዚያን ቀን ሳሎን ውስጥ ሁሉን ነገረኝ። አለቀሰ። እህቴ ናት ያሳደገችኝ፣ ዓብዱና ሰፈሩ ፊት አላዋርዳትም፣ አንቺ ሂጂልኝ አለ። እኔን ግን ማዋረድ ቻለ።» ቅቤውን አማሰለች። «ክፉ አልነበረም። ፈሪ ነበር።»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልጮህሽም?»

«ብጮህ ማን ይሰማኛል? ደግሞ አንቺ እዚያ ቀርተሻል። አንዋር ጡት ይጠባል፣ ይዤው ሄድኩ፤ አንቺን በምን ልውሰድሽ? የእሱ ልጅ ነሽ። ለዝምታዬ አንድ ነገር ብቻ አስማልኩት።» እሳቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነ። «ነኢማ፣ አልጋ ገዛልሽ? ከፍ ያለ ነበር?»

እግሩን ስረግጠው የኖርኩት አልጋ፣ ቀዳዳዎቹ፣ ቦዩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ።

«ከፍ ያለ ነበር» አልኳት። «ድንጋይ አስገብቶ አስረዘመው። ለመውጣት በርጩማ ላይ እቆም ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ!» ዓይኖቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ምን ያህል ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ ብታውቂ። ልጅቷን መሬት ላይ ያስተኟት ይሆን እያልኩ።» ፈገግ አለች። «አሁንም አለ?»

በጋሪ ላይ አራት እግሩ ወደ ሰማይ ቆሞ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

«አለ» አልኳት። ወላሂ ግን አላልኩም።